«በሕይወት እያለ ሽጠው»

«ሥራህን ጨርስበትና በሕይወት እያለ ሽጠው።»

ይህን ምክር የሰጠኝ ጠላቴ አይደለም። 6 ሺህ 500 ብር ከፍዬው የሞተ ላፕቶፔን ያስነሣልኝ የጥገና ባለሙያ ነው። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለወንድሙ እንደሚያስብ ሰው ነበር። እውነቱን ልናገርና አመሰገንኩት። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ የሽያጭ ማስታወቂያውን በስልኬ መጻፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር፤ «ንጹሕ ዕቃ፣ ያልተነካ፣ ለጌም፣ ለኤዲቲንግ፣ ለአርክቴክቸር የሚሆን...»

«ያልተነካ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ቃሉን የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። ይህንኑ ላፕቶፕ ስገዛ ካነበብኩት ማስታወቂያ ላይ ነው።

ወቅታዊ ጉዳይ በምንነጋገርበት ቻናል ላይ የላፕቶፕ ብልሽት ምን ይሠራል የምትሉ አትጠፉም። ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። «ጌሚንግ ላፕቶፕ» የሚባለውን ዕቃ እኛ ከተማ ውስጥ ለጌም ብቻ ብሎ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ልጅ፣ የሕንፃ ንድፏን እንደ እውነተኛ ፎቶ አስመስላ ለመምህሯ የምታቀርበው የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ለዩቲዩብ አኒሜሽን የሚሠራው፣ እንደኔ መሥሪያ ቤት የሌለው ጋዜጠኛ፣ ሁላችንም የምንገዛው ውስጡ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ስላለው ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከዕቁብ ነው፤ ወይም ውጭ ካለች እህት፤ ወይም ከሁለት ዓመት ቁጠባ። ስለዚህ የማወራው ስለ መጫወቻ አይደለም። ስለ እንጀራ ማብሰያ ነው።

የኔን የገዛሁት መስከረም 2017 ላይ ነው፤ በ96 ሺህ ብር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ገና ሁለት ወር አልሞላም። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ «ነገ ይጨምራል» የሚለው ፍርሃት ራሱ ሻጭ ሆኖ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሱቅ፣ በደላላ በኩል። ቻርጀር ሰኩልኝ፣ ዊንዶውስ ተነሣ፣ አንድ ጌም ለሦስት ደቂቃ ከፈቱልኝ፣ ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ባለሥልጣን ፊት ተቀምጬ «ሰነዱ የታለ?» ስል የምውል ሰው፣ ለ96 ሺህ ብር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ ላይ ጀመረው። የ22 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም እያቀናበርኩ፣ ስክሪኑ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ያሉ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ታዩ። ፊልሙ ላይ ያለ ችግር መስሎኝ ካሜራማኑን ወቀስኩት። (ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።) በማግሥቱ አግድም መስመሮች መጡ። ከዚያ ስክሪኑ ለሁለት ሴኮንድ ይጠፋና ይመለሳል። በሳምንቱ ቪዲዮውን ኤክስፖርት ሳደርግ ድርቅ ብሎ ይቀር ጀመር። በመጨረሻ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ ስም አጠገብ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተቀመጠ፤ ስነካው «ኮድ 43» ይላል። ዊንዶውስ በራሱ ቋንቋ «ይህ ዕቃ ችግር አለብኝ ስላለ አስቁሜዋለሁ» ማለቱ ነው።

ሥራውን የማስረክበው በአምስት ቀን ውስጥ ስለነበር ሮጬ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፤ ልዩ ሰው ስላልሆነ መጥራቱ ጥቅም የለውም። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ሆኖ ጠበቀኝ። «ምን አደረግከው?» አልኩት። «አሞቅኩት» አለኝ። ቀጥሎ ያ ምክር መጣ።

አቋሜን አሁኑኑ ልናገር። ማሞቅ ጥገና አይደለም። ማሞቅ ዕቃን ለሽያጭ ማዘጋጀት ነው። ያ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ ነው ሽጠው ያለኝ። እንዳዳነው ቢያምን ኖሮ ለምን ቸኩዬ እንድሸጠው ይመክረኛል?

ለምን እንደሆነ ትንሽ ልዘርዝር፤ ነገሩ የገባው ሰው በቀላሉ አይታለልምና። ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ፣ «ካርድ» ብንለውም፣ ተነቅሎ የሚወጣ ካርድ አይደለም። ጥቂት ማሽኖች ካልሆኑ በቀር ቺፑ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የተቀመጠ ነው። ብየዳውም ሁለት ፎቅ አለው። ላይኛው ፎቅ፣ ሲሊከኑ ራሱ በሺዎች በሚቆጠሩ፣ በዓይን በማይታዩ የሶልደር ጉብታዎች ከታች ካለው መደብ ጋር ተጣብቋል። ታችኛው ፎቅ፣ ያ መደብ ደግሞ ተለቅ ባሉ የሶልደር ኳሶች ከማዘርቦርዱ ጋር ተጣብቋል። ሥራ ላይ ስትሆኑ ቺፑ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ስታጠፉት ይቀዘቅዛል። ሲሊከን፣ መደቡና ሶልደሩ ደግሞ እኩል አይለጠጡም፣ እኩል አይሰበሰቡም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጓተታሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዷ ጉብታ ትሰነጠቃለች። ነጠብጣቡና መስመሩ የሚመጣው ያኔ ነው።

በሆት ኤር ሲያሞቁት ስንጥቁ ለጊዜው ይገጥማል። መንገዱ ስለተገናኘ ምልክቱ ያልፋል፤ ማሽኑ ይነሣል። ግን ስንጥቁ አልዳነም። መሞቅና መቀዝቀዙ እንደገና ሲጀምር በዚያው ቦታ ይከፈታል። በቀናት፣ በሳምንታት፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ በወራት። ዕቃው «በሕይወት» የሚቆየው ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ የሚበቃውን ያህል ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ፣ ዛሬ የዓለም ሀብታም ኩባንያዎች ተርታ የተሰለፈው ያው ኤንቪዲያ፣ በአንዳንድ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ላይ ከሲሊከኑና ከማሸጊያው ማቴሪያል ድክመት የተነሣ ከተለመደው በላይ ብልሽት እየታየ መሆኑን ለባለአክሲዮኖቹ አሳውቆ ነበር። ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብም ገለጸ። ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ በጅምላ ክስ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 በስምምነት ተቋጨ፤ የአፕል፣ የዴልና የኤችፒ አንዳንድ ላፕቶፖች ባለቤቶች ተጠቃሚ ሆኑ። አፕልም በ2011 ባወጣቸው ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ተመሳሳይ የምስል ችግር ሲበዛበት፣ በፌብሩዋሪ 2015 የነጻ ጥገና ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። በነዚያ ዓመታት በየአገሩ ሰው ማዘርቦርዱን ፈትቶ የቤት ኦቨን ውስጥ ይጋግረው ነበር። ቀልድ አይደለም፤ እንደ ዳቦ። እኛ አገር ምጣድ ላይ የሞከረ አላየሁም፤ አይጠፋም ግን። የሚሠራውም ለጊዜው ይሠራል፤ እንዲያም ሆኖ ላቦራቶሪና ገንዘብ የሞላቸው ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው «አሙቀን ሰጥተናችኋል» ብለው አልጨረሱትም። ክፍሉን ቀየሩ፣ ወይም ገንዘብ ከፈሉ።

እዚህ ላይ ለጥገና ባለሙያዎች ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ግራፊክስ የሚነካ ጥገና ሁሉ ማታለል አይደለም። ብልሽቱ ታችኛው ፎቅ ላይ፣ ኳሶቹ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ላፕቶፑ ወድቆ ማዘርቦርዱ ታጥፎ ከነበረ፣ ቺፑን አንሥቶ ኳሶቹን በአዲስ መተካት፣ ሪቦሊንግ የሚሉት፣ እውነተኛ ጥገና ነው። የተበላሸው ቺፑ ሳይሆን አጠገቡ ካሉት የሜሞሪ ቺፖች አንዱ ከሆነ፣ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ኃይል የሚያቀብሉት ትንንሽ ክፍሎች ሾርት ሆነውም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጎበዝ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ልዩነቱ ያለው ምርመራው ላይ ነው። ማሞቅ ግን ምርመራ አይፈልግም። ሁሉንም በአንድ መድኃኒት ማከም ነው፤ መድኃኒቱም ማስታገሻ ነው።

ታዲያ ነጠብጣብ ያየ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ፋይሉን ያውጣ። ዛሬውኑ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይነካ፣ ሥራውን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጥ። እኔ ለሁለት ቀን ድራይቨር ስቀያይር ቆይቼ ነው ይህን ያደረግኩት፤ ሞኝነት ነበር። ቀጥሎ ጥያቄው «ካርዱ ነው ወይስ ስክሪኑ?» ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። መስመሩ ላፕቶፑ ላይ እየታየ ቴሌቪዥኑ ላይ ከሌለ፣ የስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ገመድ ችግር የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ገመድ መቀየር ደግሞ ከካርድ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። «ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል» ተብሎ ስንቱ ማሽን በቅራፊ ዋጋ የተሸጠው በገመድ ምክንያት ይሆን? ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁም እዩ። መስመሩ እዚያም ካለ ድራይቨር አትጠርጥሩ። እዚያ ንጹሕ ሆኖ ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ከመጣ ግን የድሮውን ድራይቨር ጠራርጎ በዲዲዩ አጥፍቶ፣ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የወረደ አዲስ መጫን ይገባል። ነጻ ነው፤ አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ከዚያ ሙቀት። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ሙቀት በየሴኮንዱ ያሳያል። ሥራ በጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 90ን ካለፈ፣ ጀርባውን ከፍቶ ፋኑን ከአቧራ ማጽዳትና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማንም የማያነሣው ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ ናት። አየራችን ዱባይ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያነሰ ነው፣ የሚያወጣው ሙቀትም እንደዚያው። የአየራችን ቅዝቃዜ ይክሰናል፤ ግን የኮንስትራክሽኑ አቧራ ያንን ካሳ መልሶ ይወስደዋል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ቪዲዮ ኤክስፖርት የሚያደርግ ሰው በገዛ እጁ መተንፈሻውን እየዘጋ ነው።

ካርዱ በእርግጥ መድከሙ ከታወቀም መሞቱን ማዘግየት ይቻላል። ፍሬሙን በሴኮንድ 60 ወይም 30 ላይ መገደብ፣ በአፍተርበርነር የሜሞሪውንና የቺፑን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ፣ ሙቀቱንም ጉተታውንም ይቀንሳል። የኔ በዚህ መንገድ ሁለት ሳምንት ሊቆይልኝ ይችል ነበር፤ ያኔ አላወቅኩም። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ፣ አብዛኞቹ ላፕቶፖች በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሌላ ትንሽ ግራፊክስ ስላላቸው፣ ትልቁን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲሴብል አድርጎ በትንሹ መቀጠል ይቻላል። ከባድ ቪዲዮ አይሠራም። ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት፣ የድምፅ ኤዲቲንግ ግን ይሠራል። ይህን ሳይነግሩት «ማዘርቦርድ ይቀየር» የተባለ ሰው አውቃለሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የሞቀው ላፕቶፕ 19 ቀን ሠራ። ፊልሙን አስረከብኩ፤ አልሸጥኩትም፣ በቃኝ ብዬም አልወሰንኩም። መወሰን ስላቃተኝ ጠረጴዛ ላይ ተወው። በ20ኛው ቀን ነጠብጣቡ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰደኝ። ይህኛው ማዘርቦርዱን አውጥቶ ማጉያው ሥር አስገባና «ና እይ» አለኝ። ቺፑ ዙሪያ የደረቀ፣ ቡናማ ፍላክስ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ጠቆር ያለ፣ የቆየ። «ይኼኛው የአሁኑ ነው» አለኝ በፒንሴቱ እየጠቆመ፤ «ይኼኛው አንተ ሳትገዛው በፊት የነበረ ነው። ሁለቴ ሞቋል።» ለሦስት ወር የተጠቀምኩበት ማሽን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለሦስት ደቂቃ ጌም የተከፈተልኝ ማሽን፣ የሆነ ሰው በሕይወት እያለ የሸጠው ነበር። ያ ሰውም እንደኔ ምክር ተቀብሎ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ ማስታወቂያ ሲጽፍ፣ «ያልተነካ» ላይ ሲደርስ እሱ ጣቱ አልቆመም።

«ሦስተኛ አላሞቅልህም» አለኝ። ለምርመራው 800 ብር ተቀበለኝ። ቺፑን በሌላ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ይቻላል፤ ግን ቺፑ ከውጭ በትእዛዝ መምጣት አለበት፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ከሌላ የሞተ ማዘርቦርድ የተነቀለ ነው፣ ዋስትና ልሰጥህ አልችልም አለኝ። ከዚያ ያለው ነገር ከሁሉም በላይ ቆረጠኝ፦ «ወንድሜ፣ እውነቱን የነገርኩት ሰው 800 ብሩን እንኳ ተጨቃጭቆ ነው የሚከፍለኝ። ያሞቅኩለት ሰው 6 ሺህ ከፍሎ መርቆኝ ይሄዳል። በወሩ ሲመለስ ሌላ ደንበኛ ጋ ሸጦታል፤ የሚመለሰውም የሱ ስድብ አይደለም።»

እዚህ ላይ ነው የኔ ክርክር የሚያርፈው። ይህን ገበያ ያበላሹት ጥቂት አጭበርባሪ ባለሙያዎች ናቸው ማለት ለኛ ለደንበኞች ደስ ይላል። ውሸት ነው። ለምርመራ ክፍያ የምንጨቃጨቅ፣ ለተአምር ግን ያለ ጥያቄ የምንከፍል እኛ ነን። ሐኪም ዘንድ ሄደን «ካርድ አወጣሁ፤ ምንም መድኃኒት ሳይሰጠኝ ለምን እከፍላለሁ?» እንደማለት ነው። ባለሙያው ቤተሰብ አለው፤ የምንከፍልበትን ነገር ይሠራል።

ሕጉስ? ሕግ አጥተን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት አልወስድም ብዬ ነበር» ቢል እንኳ አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ግን ከደላላ፣ ያለ ደረሰኝ፣ በስልክ በተላከ ገንዘብ የገዛ ሰው ይህን ይዞ ማን ጋ ይሄዳል? እኔ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ተመልሼ ነበር። ሱቁ አለ፤ የሸጠልኝ ልጅ የለም፤ ያለው ሰውዬ «ከኛ ስለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ሥራዬ ላይ የምጠይቀው ጥያቄ ነው።

በካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አለ፤ አምራቾች 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና ሰነድ ለሰባት ዓመት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከዚያው ግዛት በሻንጣ ተይዞ ቦሌ የሚያርፈው ላፕቶፕ ያ መብት አብሮት አይሳፈርም። የኛ ልጆች የሚጠግኑት ከየቴሌግራም ቻናሉ በለቃቀሙት የማዘርቦርድ ንድፍ ነው። እንዲያውም በዚህ ሁኔታ የሚሠሩትን ሳስብ እጃቸውን አደንቃለሁ።

ስለዚህ ከመንግሥት አዲስ አዋጅ አልጠይቅም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ጥገና ቤቶች በሚሰጡት ወረቀት ላይ ምን እንደሠሩ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ «ቺፑ ሞቋል» ወይም «ሪቦል ተደርጓል» ወይም «የሜሞሪ ቺፕ ተቀይሯል»፤ ከነቀኑ። ማዘርቦርዱ ላይም በማርከር ቀኑን ይጻፉበት። የመኪና ዘይት የሚቀይሩት እንኳ ወረቀት አንጠልጥለው ነው የሚለቁን። እኛ ገዢዎች ደግሞ 90 ሺህና 100 ሺህ ብር ከመክፈላችን በፊት፣ ከሻጩ ጋር ተስማምተን ገለልተኛ ባለሙያ ጀርባውን ከፍቶ ቺፑ ዙሪያ ፍላክስ መኖር አለመኖሩን እንዲያይልን 800 ብር እናውጣ። ሦስት ደቂቃ ጌም ሳይሆን ለግማሽ ሰዓት ኦሲሲቲን አስነሥተን የሜሞሪ ፍተሻውን እናስሂድ። «አይከፈትም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ይህ ቢደረግ የተነካ ዕቃ ዋጋ ይወርዳል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ «ድሃው በርካሽ የሚያገኘውን ታሳጣዋለህ» ብሎኛል አንድ ወዳጄ። ዋጋው ይውረድ እንጂ! ድሃው አሁን እያገኘው ያለው ርካሽ ዕቃ አይደለም። በጤነኛ ዕቃ ዋጋ የታመመ ዕቃ ነው። የታመመውን በታመመ ዋጋው የሚፈልግ ሰው አለ፤ ለስክሪኑ፣ ለኪቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለጽሑፍ ሥራ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ከመንገድ ይወጣል። ሥራችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ላፕቶፑን ተዉት፤ ዴስክቶፕ ግዙ። መብራት ይጠፋል ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ዩፒኤስ ጨምሩ። የዴስክቶፕ ካርድ በዊንጭ የሚፈታ ነው፤ ሲሞት እሱ ብቻ ይሞታል። ስሙም እንዳያታልላችሁ። «አርቲኤክስ 3060» የሚለው ጽሑፍ ላፕቶፕም ዴስክቶፕም ላይ አለ፤ የዴስክቶፑ እስከ 170 ዋት ይወስዳል፣ በ12 ጊጋባይት ሜሞሪ የወጣ ነው፤ የላፕቶፑ ግን 6 ጊጋባይት ያለው፣ አምራቹ እንደፈቀደለት ከ60 ዋት ጀምሮ የሚሠራ ነው። ስማቸው አንድ ነው እንጂ አቅማቸው አንድ አይደለም።

የኔ ላፕቶፕ አሁን የት አለ? ይህን የምጽፍበት እሱው ነው፤ ትልቁ ካርድ ዲሴብል ሆኖ። ቪዲዮ ሲኖረኝ ማታ ማታ ባልደረባዬ ቢሮ ሄጄ እሠራለሁ፤ ጥበቃው ጋሽዬ ለምዶኛል። ማስታወቂያውን ግን አወጣሁት። እንዲህ ይላል፦ «ግራፊክስ ካርዱ ሁለት ጊዜ ሞቋል፣ አይሠራም። በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይሠራል። ስክሪን፣ ባትሪ፣ ኪቦርድ ጤነኛ። 31 ሺህ ብር።»

አራት ሰው ደወለ። አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አንዷ ተማሪ ናት፤ በትሕትና አመሰገነችኝና የምትፈልገው ካርዱን መሆኑን ነገረችኝ። ሦስተኛው 18 ሺህ አለ። አራተኛው ደላላ ነው። «ወንድሜ፣ ሁለቱን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮች አጥፋቸውና አንዴ ላስሞቀው፤ በ70 እሸጥልሃለሁ፤ ዝግጁ ልጅ አለች» አለኝ።

«የአርክቴክቸር ተማሪ ናት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አዎ፣ እንዴት አወቅክ?»

ዐረፍተ ነገሮቹን አላጠፋኋቸውም። 39 ሺህ ብር ነው ልዩነቱ፤ የሁለት ወር ኪራይ ያለብኝ ሰው ነኝና ቁጥሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ማስታወቂያው እስካሁን እንዳለ ነው። የ18 ሺሁን ሰው ነገ ልደውልለት ነው።